ልጅን ማጥባትና ልጅን መጋት

በዛሬው ጊዜ በትምህርት ቤትም በሻይ ቤትም ወጣቶች ተሰብስበው ሲነጋገሩ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ሕፃን ልጅ ክፉና ደጉን ሳይለይ፥ መርምሮ መቀበልም ሆነ መርምሮ መጣል ሳይችል፥ አባትና እናቱ ሃይማኖታቸውን ቢያስተምሩት ይህ ማስተማር ነውን? ወይስ የልጁን አእምሮ ገና ሳይነቃ ማሰር ነው? ከእነርሱም አንዱ፦ «እኔ በአርባ ቀኔ ስጠመቅ ማን ጠየቀኝ? የክርስትና አባቴ ስለ እኔ ሆኖ መለሰ እንጂ እኔ ምንም አልመለስሁም፤ አለቅስ ነበር» ይላል። ሁለተኛውም፦ «የእኔ አባት በአብዮቱ ዘመን የተማረ ሰው ነበረና እግዚአብሔር የለም እያለ አሳደገኝ፤ እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» ብሎ ይመልስለታል።

ይህን ጥያቄ የሚጠሉ ብዙ ሽማግሌዎች አሉ። የፈረንጅ ትምህርት ያመጣው መዓት ነው ይሉታል። እኔ ግን እንዲህ አልልም። ጥያቄው በአገራችንም የቆየ ነው። «ሐተታ ዘዘርአ ያዕቆብ» የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ፥ ማን እንደ ጻፈው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ቢከራከሩበትም፥ ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ ስለሚቀበሉ እያንዳንዱ የራሴ ሃይማኖት ብቻ ትክክል ነው እንደሚል ይናገራል። እውነተኛም ጥያቄ ስለ ሆነ እውነተኛ መልስ ይገባዋል። ደግሞም እኔ ራሴ በዚህ ነገር የበደልሁ ሰው ነኝና ንጹሕ መስዬ በፊታችሁ ልቆም አልችልም።

በደሌም እንዲህ ነው። ልጄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፥ አንድ ማታ ከራት በፊት ጸልየን «አሜን» ካልን በኋላ ቀና ብሎ፦ «አባባ፥ እኛ ከሐጂ ቤት ብንወለድ ኖሮ እስላሞች እንሆን ነበር?» አለኝ። ሐጂ ማለት በአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ በሠርግም በለቅሶም የማንለያይ፥ ልጆቻችንም በአንድ ግቢ እየተሯሯጡ ያደጉ። እኔም ደንግጬ ተቈጣሁ። «ዝም በል! እንዲህ ያለውን ነገር ከማን ተማርህ?» ብዬ ራቱን ሳይበላ እንዲተኛ አዘዝሁት። እናቱ አቀርቅራ ዝም አለች። ከዚያ ማታ ጀምሮ ልጁ ስለ እግዚአብሔር አንዲት ነገር እንኳ አልጠየቀኝም። ጸሎቱን ግን ያለ ስሕተት ይደግም ነበር። እኔም ብዙ ዘመን ይህን ዝምታ እንደ መልካም ፍሬ እየቈጠርሁት ደስ ሲለኝ ኖርሁ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ልጅን ባዶ አድርጎ ማሳደግ አይቻልም» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ልጅ አማርኛ ልማር ወይም ኦሮምኛ ልማር ብሎ አልመረጠም። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው መነሣትን፥ እጁን ሳይታጠብ ወደ መሶብ አለመቅረብን፥ የሞተበትን ሰው ቤት ዝም ብሎ አለማለፍን ሁሉ ሳይጠየቅ ተማረ። ቈይቶ ይምረጥ ብሎ የሚጠብቀው ወላጅ የለም።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ1762 ዓመት ዣን ዣክ ሩሶ የሚባል የጄኔቫ ተወላጅ ጸሐፊ «ኤሚል» የተባለውን ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚናገረውን መጽሐፍ አሳተመ። በዚያም ልጁ ዐሥራ አምስት ዓመት እስኪሞላውና ከዚያም በላይ ስለ ነፍስ ምንም እንዳይነገረው፥ አእምሮው ሲጐለምስ ግን ራሱ መርምሮ እንዲይዝ መከረ። መጽሐፉ በዚያው ዓመት በፓሪስም በጄኔቫም በአደባባይ በእሳት ተቃጠለ። (መጽሐፍን ማቃጠል መልስ ያጣ ሰው መልስ ነው፤ አቃጣዮቹ ክርስቲያኖች ስለ ነበሩ ይህን መናገር የሚገባን እኛ ነን።) ነገር ግን ሩሶ የራሱን አምስት ልጆች፥ ራሱ እንደ ተናዘዘው፥ የተጣሉ ሕፃናት ወደሚያድጉበት ቤት ሰደዳቸው እንጂ አንዱንም አላሳደገም። ይህን የምናገረው ሰውየውን ለማዋረድ አይደለም። ልጅ ያሳደገ ሰው ግን ሕፃን ዐሥራ አምስት ዓመት እንደማይጠብቅ ያውቃል። አያቱ በሞተች ቀን የአራት ዓመቱ ልጅ የእናቱን ቀሚስ ይዞ «አያቴ ወዴት ሄደች?» ይላል። «ወደ ሰማይ ሄደች» ብትሉት አስተማራችሁት። «ከመሬት በታች ናት፥ ከዚያ በኋላ ምንም የለም» ብትሉትም አስተማራችሁት። ዝም ብትሉትም ይህ ሊጠየቅ የማይገባ ነገር እንደ ሆነ አስተማራችሁት።

ይህ መልስ ግን ጥያቄውን አይጨርሰውም፤ ብዙ ሰባኪዎች እዚህ ላይ ደርሰው አሸነፍን ብለው ይቀመጣሉ፤ አላሸነፉም። ቋንቋ እውነት ወይም ሐሰት ተብሎ አይጠራምና። ኦሮምኛ እውነት ነው፥ አማርኛ ሐሰት ነው የሚል ሰው የለም። ሃይማኖት ግን «ይህ እውነት ነው» ይላል። እግዚአብሔር የለም የሚለውም እንዲሁ ይላል። ስለዚህ «ቋንቋዬን እንዳስተማርሁት ሃይማኖቴንም አስተማርሁት» ብሎ ማለፍ ሽሽት ነው። እውነት ነው የተባለ ነገር ሁሉ «በምን ታውቃለህ?» መባሉ አይቀርም፤ ልጁም ሲጠይቅ ያድጋል።

እንግዲህ ልዩነቱ በሚሰጠው ነገር ብቻ አይታወቅም፤ በአሰጣጡ ነው የሚታወቀው። እናቶች ሕፃንን የሚመግቡበት ሁለት መንገድ እንዳለ ታውቃላችሁ። አንዱ ማጥባት ነው። ሁለተኛው መጋት ነው፤ እናት ልጇን በጭኗ ላይ አጋድማ መዳፏን በአፉ ላይ እንደ ጭልፋ አድርጋ ቅቤውን ወይም የአብሹን ውሃ ታፈስበታለች፤ ሕፃኑም መተንፈስ ስለሚፈልግ ብቻ ይውጣል። ሁለቱንም የምታደርገው ያችው የምትወደው እናት ናት። በሁለቱም ሕፃኑ ምግቡን አልመረጠም። ነገር ግን ጡት የሚጠባ ሕፃን በቃኝ ሲል ፊቱን ያዞራል፤ እናቱም ትተወዋለች፥ ሲርበው ይመለሳል። የሚጋት ሕፃን ፊቱን ማዞር አይችልም። አንዳንድ ጊዜም ፈሳሹ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ሐኪሞችም ስለዚህ ይከለክሉታል።

በትምህርትም እንዲሁ ነው። ልጁ ሲጠይቅ የሚመታ ከሆነ፥ ሌሎች ሰዎች ሌላ ነገር እንደሚያምኑ የሚሸሸግበት ወይም ስለ እነርሱ ውሸት የሚነገረው ከሆነ፥ በምክንያት ፈንታ ፍርሃት የሚሰጠው ከሆነ፥ ይልቁንም የአባቱና የእናቱ ፍቅር በሚያምነው ነገር ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ካወቀ፥ ያ ልጅ እየተጋተ ነው። የሚጋተው ወንጌል ቢሆንም መጋት ነው። እግዚአብሔር የለም የሚለው ትምህርት ቢሆንም መጋት ነው።

ይህን ነገር ቃል ብቻ እንዳታስመስሉት የሁለት እንግሊዛውያን ልጆችን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ሁለቱም አድገው ስለ ልጅነታቸው ራሳቸው ጽፈዋል።

የመጀመሪያው ጆን ስቱዋርት ሚል ነው፤ በ1806 ዓመት በለንደን ተወለደ። አባቱ ጄምስ ሚል በስኮትላንድ መንፈሳዊ ትምህርት ተምሮ ለመስበክ ፈቃድ የተቀበለ ሰው ነበረ፤ በኋላ ግን ይህን ያህል ክፋት የሞላበትን ዓለም ፍጹም ቸርና ፍጹም ኃያል የሆነ አምላክ ፈጠረው ብሎ ማመን አልቻለምና ሃይማኖትን ተወ። ልጁንም ያለ ሃይማኖት አሳደገው። በሦስት ዓመቱ የግሪክ ቋንቋ፥ በስምንት ዓመቱ ላቲን አስጀመረው። ልጁ አድጎ ሲጽፍ፥ በአገሩ ሃይማኖትን የጣሉ ብዙዎች ሲሆኑ እርሱ ግን ከመጀመሪያው ስላልነበረው የሚጥለው ነገር እንዳልነበረው ተናግሯል።

ይህ አባት ጋተውን ወይስ አጠባው? በአንድ በኩል አጠባው። ቃል እንዲሸመድድ አላደረገውም፤ ነገሩን ራሱ እንዲያገኘው ያደክመው ነበር እንጂ አስቀድሞ አይነግረውም ነበር። የቤተ ክርስቲያን ታሪክም አስነበበው። ይህን እያነበባችሁ ልብ በሉ፤ ከክርስቲያን ወላጆች ስንቱ ነው የማያምኑትን ሰዎች መጽሐፍ ለልጁ በፍቅር የሚሰጥ? በሌላ በኩል ግን ልጁን፦ ይህ ሐሳባችን በሰው ፊት የሚገለጥ አይደለምና ሸሽገው አለው። ሚልም ይህ በልጅነቱ የተማረው መሸሸግ ለጠባዩ ጉዳት እንደ ነበረው በኋላ ጽፏል። በሃያ ዓመቱም በ1826 ብርቱ የልብ ኀዘን ያዘው። የምደክምለት ነገር ሁሉ ዛሬ ቢፈጸም ደስ ይለኛልን ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ ልቡም አይልህም አለው። ያን ጊዜ ይህን ኀዘኑን ሊነግረው የማይችል ሰው ቢኖር አባቱ ነበረ። ምክንያቱም ያ ልብ የአባቱ ሥራ ነበርና።

አንዳንድ ክርስቲያኖች ይህን ታሪክ ሲሰሙ «ያለ እግዚአብሔር ያደገ ልጅ መጨረሻው ይህ ነው» ይላሉ። እንዲህ ለማለት አትቸኵሉ፤ ሁለተኛውን ስሙ።

ሁለተኛው ኤድመንድ ጎስ ነው፤ በ1849 ዓመት ተወለደ። አባቱ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የባሕር ፍጥረትን የሚመረምር የተመሰገነ ሊቅ ነበረ፤ እናቱም አባቱም የወንድሞች ማኅበር በሚባለው ጥብቅ ጉባኤ ውስጥ የነበሩ፥ መጽሐፍ ቅዱስን ሌሊትና ቀን የሚያነቡ ሰዎች ነበሩ። እናቱ ተረት ኃጢአት ነው ብላ ታምን ስለ ነበረ ልጁ ተረት ሳይሰማ አደገ። በ1857 እናቱ በካንሰር ሞተች፤ እርሱም ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበረ። በዐሥር ዓመቱ እንደ ጐልማሳ አማኝ ተቈጥሮ በጉባኤው ፊት ተጠመቀ።

ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ያደረገውን አንድ ነገር እርሱ ራሱ ጽፏል። አባቱ፥ ሰው ለእንጨትና ለድንጋይ ቢሰግድ እግዚአብሔር ቍጣውን እንደሚገልጥ ነግሮት ነበር። ልጁም ይህን ለመፈተን አንዲት ወንበር በጠረጴዛ ላይ አቁሞ ተንበርክኮ ወደ ወንበሯ ጸለየ፤ ልቡም እየመታ ጠበቀ። ምንም አልሆነም። ከዚህም የተነሣ ልጁ እግዚአብሔር የለም አላለም። አባቴ ስለ እግዚአብሔር ያውቃል ማለቱ እውነት አይደለም አለ እንጂ።

ወላጆች ሆይ፤ ይህን ነገር በልባችሁ አኑሩት። ሕፃኑ የፈተነው እግዚአብሔርን አልነበረም፤ አባቱን ነበረ እንጂ። አባቱ የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ ስለ ተናገረ ልጁ እርሱን ማመን ቀነሰ፤ ለአባቱም አልነገረውም። ዓመታት አለፉ፤ ልጁ በአባቱ ፊት አማኝ፥ በልቡ ሌላ ሰው ሆኖ አደገ፤ በመጨረሻም በጐልማሳነቱ ከአባቱ እምነት ተለየ። ታሪኩንም በ1907 ስሙን ሳይጽፍበት «አባትና ልጅ» ብሎ አሳተመው። የአባቱን ታሪክ በኋላ የመረመሩ ጸሐፊዎች አባቱ ልጁ እንደ ጻፈው ያህል ጨለምተኛ ሰው እንዳልነበረ ይናገራሉ፤ ይህም ሊሆን ይችላል። የሚጋት ልጅ የእናቱን እጅ ከሆነው ይልቅ ከባድ አድርጎ ያስታውሳልና።

ተመልከቱ፤ አንዱ አባት እግዚአብሔር አይታወቅም የሚል፥ ሁለተኛው አባት በቀን ብዙ ጊዜ የሚጸልይ ነበረ። ሁለቱም ልጆቻቸውን ይወዱ ነበር። የሁለቱም ልጆች ቍስል ግን አንድ ነው፤ በልባቸው የነበረውን ለአባታቸው መናገር አልቻሉም።

አባት ሲጋት እንዲህ ከሆነ፥ መንግሥት ሲጋት ምን ይሆናል? በመስኮብ አገር ከ1917 አብዮት በኋላ በ1918 ትምህርት ቤት ከቤተ ክርስቲያን ተለየ፤ ይህስ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን በ1925 የአምላክ የለሾች ማኅበር ተቋቋመ፥ ለሕፃናትም የራሱ ክፍል ነበረው፤ በ1929 በወጣው ሕግም ማኅበረ ምእመናን ለልጆች ልዩ የጸሎትና የትምህርት ጉባኤ እንዳያደርጉ ተከለከሉ። ማኅበሩ በ1947 ፈረሰ፤ መንግሥቱም በ1991 ፈረሰ። ከዚያም በኋላ በየከተማው የተዘጉት አብያተ ክርስቲያናት ተከፈቱ፤ በየቤቱ ግን አያቶች በስውር ያስተማሩት ጸሎት አስቀድሞ ነበረ። በአገራችንም በደርግ ዘመን፥ ከ1966 እስከ 1983 ዓመተ ምሕረት፥ የማርክስና የሌኒን ትምህርት በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ሲሰጥ ብዙ ሰው በአፉ አዎን እያለ በልቡ ሌላ ነገር ይዞ ይኖር ነበር። ዕድሜያችሁ የደረሰ ሁሉ ታስታውሳላችሁ።

ይህን ስንናገር ግን በሌላው ዓይን ያለውን ብቻ እንዳናይ። በ1870 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ይህን ያደረገ ክርስቲያን ንጉሥ ነው። የተጠመቁት ሁሉ ክርስቲያን ሆኑን? ቀን ከክርስቲያን ጋር እየዋሉ ሌሊት እንደ አባቶቻቸው የሚሰግዱ ብዙዎች እንደ ነበሩ ይነገራል። ጐልማሳው በግድ ሲታዘዝ እንዲህ ካደረገ፥ ሕፃን በግድ ሲታዘዝ ከዚህ የተለየ ምን ያደርጋል?

ስለዚህ የዛሬው ሕግ ነገሩን ከሁለት ወገን ይይዘዋል። በ1987 ዓመተ ምሕረት የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ27ኛው አንቀጽ ወላጆች ልጆቻቸውን በሚያምኑበት ሃይማኖትና ሥነ ምግባር የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ በ90ኛው አንቀጽ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ከሃይማኖትም ከፖለቲካ ወገንም ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዛል። በ1989 በፈረንጅ አቈጣጠር የተባበሩት መንግሥታት ያወጡት የሕፃናት መብት ስምምነትም በ14ኛው አንቀጽ፥ የሐሳብና የኅሊና የሃይማኖትም ነጻነት የልጁ መሆኑን ተናግሮ፥ ወላጆች ግን ልጁ በአእምሮ እያደገ በሄደው መጠን ሊመሩት መብትም ግዴታም እንዳላቸው ይጨምራል። «እያደገ በሄደው መጠን» የሚለው ቃል ትልቅ ቃል ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ የሚገባው ለዐሥራ አምስት ዓመቱ አይገባም። እኛ ግን ብዙዎቻችን የዐሥራ አምስት ዓመቱን ልጅ እንደ አምስት ዓመቱ እንይዘዋለን።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። «የእኛ የቄስ ትምህርት ቤትስ መጋት አይደለምን?» የሚል ተማሪ አለ። ልጁ ፊደል ቈጥሮ፥ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፥ የማያውቀውን ግዕዝ እየጮኸ ዳዊት ይደግማል። አለንጋም አለ። ይህ ክስ ከፊሉ እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ወደ ውስጥ የገባ ሰው ሌላ ነገር ያያል። ያው ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ መድገም አይጠቅመውም፤ የሌላውን ቅኔ ይዞ ቢመጣ ይሳቅበታል። ለብቻው ተቀምጦ ያልተባለውን ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም ይነቅፈዋል፥ ያርመዋል። መጽሐፍ ቤት ሲገባ ደግሞ መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል ከተረጐመ በኋላ «አንድም» ይላል፤ ሌላ ትርጓሜ ያመጣል፤ እንደገና «አንድም» ይላል። ለአንድ ቃል ብዙ መንገድ እንዳለው እያሳየ የሚያስተምር ቤት አእምሮን የሚያስር ቤት ሊባል አይገባውም።

ችግሩ ወዴት ነው? ከመቶው ልጆች ብዙዎቹ ዳዊት ደግመው ይወጣሉ እንጂ ቅኔ ቤትና መጽሐፍ ቤት አይደርሱም። የድግሙን ግማሽ ይዘው «አንድም» የሚለውን ሳይሰሙ ይቀራሉ። በእኛ በእሑድ ትምህርት ቤት ያለው ነገርም ከዚህ የተሻለ አይምሰላችሁ። በጥያቄና መልስ የተጻፈው መጽሐፋችን ልጁ ሳይጠይቅ መልሱን ይሰጠዋል፤ ጥያቄውንም እኛው ጻፍንለት። የራሱ ጥያቄ የሚጻፍበት ባዶ መስመር የለውም።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን ጥያቄን የልጁ ያደርገዋል። የፋሲካን በዓል ባዘዘበት ስፍራ፥ ልጆች ይህ ሥርዓት ምንድር ነው ብለው እንደሚጠይቁ አስቀድሞ ያስባል፤ አባቱም ያን ጊዜ ታሪኩን እንዲነግር ያዛል። የሚጠይቅ ልጅ በማዕዱ ላይ ስፍራ አለው ማለት ነው። የቤርያ ሰዎችም የተመሰገኑት ጳውሎስን ሰምተው ዝም ስላሉ አይደለም፤ የነገራቸው እንዲህ እንደ ሆነ መጻሕፍትን በየዕለቱ ስለ መረመሩ ነው። ሐዋርያን የመረመሩ ከተመሰገኑ አባቱን የሚመረምር ልጅ ስለ ምን ይገረፋል?

«ታዲያ ምን እናድርግ?» ትሉኛላችሁ። የማምነውን እነግራችኋለሁ። እምነታችሁን ለልጆቻችሁ አትሸሽጉ፤ የሚወዱትን ነገር ከሚወዱት ሰው መሸሸግ ሐሰት ነው። «እኛ እንዲህ እናምናለን፤ ምክንያታችንም ይህ ነው» በሉ። ምክንያት ከሌላችሁ «አላውቅም» በሉ። የወንበሯን ታሪክ አስታውሱ፤ «አላውቅም» የሚል አባት ልጁ ሊፈትነው አይገደድም። ስለ ጎረቤታችሁ ሃይማኖት ስትነግሩት ጎረቤታችሁ አጠገባችሁ ተቀምጠው እንደሚሰሙ አድርጋችሁ ንገሩት። ይህ ብቻ ብዙ ውሸት ያስቀራል። እግዚአብሔር የለም የምትሉ ወላጆችም ይህ ጽሑፍ በእጃችሁ ቢገባ፥ ለእናንተም ያው ነው፤ የሚጸልዩ ሁሉ ሞኞች ናቸው ተብሎ ያደገ ልጅ አያቱን መናቅ ተማረ እንጂ ማሰብ አልተማረም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም የሚልስ? ትንሽ ልጅ ከሆነ ከቤተ ሰቡ ጋር ይሂድ፤ ብቻውን ቤት አይተውም፤ ወደ ለቅሶም ወደ ሠርግም ይዘነው እንሄዳለን። ነገር ግን አምናለሁ በል ተብሎ አይገደድ። መሄድ የእግር ነው፥ ማመን የልብ ነው። ያደገ ልጅ ከሆነ ግን እግሩንም አታስገድዱ። «እንዲህ ከሆነ ይጠፋብናል» የሚሉ አሉ፤ ፍርሃታቸውን አልንቅም፥ የእኔም ፍርሃት ነውና። ነገር ግን ጌታችን በተናገረው ምሳሌ ታናሹ ልጅ እሄዳለሁ ሲል አባቱ ድርሻውን ሰጠው እንጂ በሩን አልቈለፈበትም፤ ሲመለስም በሩቅ ያየው መንገዱን ይመለከት ስለ ነበረ ነው።

ልጄ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው፥ በአንድ የክረምት ማታ እናቱ ቡና አፍልታ ሳለች፥ ያንን የዘጠኝ ዓመቱን ማታ አነሣሁበት። ረስቶት እንደ ሆነ ብዬ ነበር፤ አልረሳውም። የታዘዘው ወጥ ምን እንደ ነበረ እንኳ ነገረኝ፤ ሽሮ ነበር። ይቅር በለኝ አልሁት። ዝም አለ። ከዚያም ስኒውን አስቀምጦ፦ «እሺ፥ ከሐጂ ቤት ብንወለድ ኖሮስ?» አለኝ።

«እስላሞች ሳንሆን አንቀርም፤ እኔም ጭምር» አልሁት።

«ታዲያ ስለ ምን ያምናሉ?»

ያን ጊዜ የአባቴን ነገር ነገርሁት፤ ከታመምሁበት ዘመን የሆነውንም፥ ካነበብሁትም ያሳመነኝንና ያላሳመነኝን፥ እስከ ዛሬ ያልተመለሰልኝንም። ከዚያ በፊት ያልነገርሁት ብዙ ነገር ነበረ። እርሱም ሁለት ሦስት ጊዜ ተከራከረኝ፤ በአንዱ ነገር ረታኝ። እናቱ ሦስተኛውን ቡና ቀድታ እስክትጨርስ ድረስ ተቀመጥን።

ዛሬ እሑድ እሑድ አንዳንድ ጊዜ ከእናቱ ጋር ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ይቀራል። ምን እንደ ቈረጠ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ባለፈው ሳምንት ግን ከሥራ ስገባ ከሐጂ የመጨረሻ ልጅ ጋር በደጃችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲከራከሩ አገኘኋቸው፤ ሲያዩኝም ዝም አላሉም።